የንጉሡ ሠ እግር

በዚያ አገር አንድን ፊደል የሚሸከሙት ሦስት ሰዎች ናቸው። ይህን ስናገር የማያምነኝ አይጠፋም፤ እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባልሠራበት ኖሮ አላምንም ነበር። ሥራዬ ፊደል ጠጋኝ ይባላል። ሰሌዳ ሲሰነጠቅ አጣብቃለሁ፣ ሲጣመም አቃናለሁ፣ ሲጠፋ ተክቼ እጠርባለሁ።

ለምን ሦስት ሆነ ላላችሁኝ፣ የከተማችንን በሮች የሠሩልን ከማዶ አገር የመጡ ግንበኞች ናቸው። የእነሱ ፊደል ትንንሽ ስለሆነ አንዱን አንድ ሰው ብብቱ ሥር ሸጉጦት ይሄዳል። በሩንም በዚያው ልክ ሠሩትና ሄዱ። የእኛ ፊደል ሲመጣ አላልፍ አለ። በሩን እናስፋው ያለ ሰው አልነበረም፤ ፊደሉን እንቁረጠው ተባለ፣ ተቆረጠም። ራስ፣ ወገብ፣ እግር፤ ሦስት ሰሌዳ፣ ሦስት ተሸካሚ። ሽማግሌዎቹም ማሳመሪያ አላጡለትም፤ "ፊደል ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሦስት ሰው ጌጡ" አሉና ነገሩ በዚያው ጸደቀ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልናገር፣ ኋላ ስለሚያስፈልገን። ራስ የሚባለው ሰሌዳ ለፊደል ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የሀም ራስ የፐም ራስ ያው ነው። ወገብ ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር ይመሳሰላል። ፊደሉ ማን እንደሆነ ቁርጡ የሚታወቀው እግሩ ሲመጣ ነው። በዚህ የተነሣ ራስ ብቻ አይቶ "አወቅሁት" የሚል ሰው በእኛ ዘንድ ሞኝ ይባል ነበር።

ከተማዋ ሁለት በር አላት፣ ላይኛውና ታችኛው። ወደ ማዶ ገበያ የሚወጣም ከማዶ የሚገባም ስሙን ይናገራል። የበሩ ተሸካሚዎች የስሙን ሰሌዳዎች በተርታ ይዘው በጠባቧ የውስጥ በር ያልፉና መዝገብ ቤት ይደርሳሉ። እዚያ አታሚው ይገጣጥማቸውና መዝገቡ ላይ ያትማቸዋል። ራስ የሌለው ወገብ ወይም ባለቤት የሌለው እግር ከመጣበት ባዶ ሳጥን ያትማል። ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ የተቀጠረው ለማተም ነው።

ችግሩ የጀመረው በአዋጁ ነው። አንድ ድምፅ ያላቸው ሁለት ፊደሎች መኖራቸው ብክነት ነው ተባለና ከሰኞ ጀምሮ ንጉሡ ሠ በእሳቱ ሰ እንዲተካ ታዘዘ። አዋጅ ነጋሪው ቸኩሎ "ንጉሡ በእሳቱ ይተካ" ብሎ ስላለፈው ሁለት ሰዎች ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው መጥተው ነበር፤ አመስግነን መለስናቸው። የሠ ሰሌዳዎች ከየቤቱና ከየመጋዘኑ ተሰብስበው ተቃጠሉ፤ በየበሩ የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ ሲያልፉ እየተያዙ የሚቃጠለው በሚጠራቀምበት የእሳት ሳጥን እንዲጣሉ ታዘዘ። በየበሩም አንድ ተኪ ተሾመ። የተኪው ሥራ በውስጥ በር አጠገብ ቆሞ የሚያልፉትን ሰሌዳዎች ማየት፣ የሠ የሆነውን ማስወጣትና በቦታው ሰን ማስገባት ነው። ለሁለቱም ተኪዎች የተሰጠው ትእዛዝ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም የተጻፈ ነው። ይህን የምለው ኋላ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጬ ዓይኔ እስኪፈዝ ስላነበብኳቸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ሠናይት የምትባል ሴት በላይኛው በር ወደ ገበያ ወጣች። የአምስት ወር ልጇን ስንዱን አጥብታ፣ ለባሏ ለሽባባው ሰጥታ፣ "ሳትነቃ እመለሳለሁ" ብላ ነው የሄደችው። ላይኛው በር "ሰናይት ወጣች" ብሎ መዘገበ፣ እንደ አዋጁ። የልጅ ማጠቢያ ሳፋ ገዝታ ስትመለስ ሸክሙ ስለከበዳት ለቤቷ በሚቀርበው በታችኛው በር ገባች። ታችኛው በር እንዲህ ሲል መዘገበ፦ "ሰሰሰሰ□□ሰ□□ሰ□□ ገባች።"

ሕጉ ግልጽ ነው። የወጣው ሳይመለስ፣ የተመለሰውም ሳይወጣ በመገኘቱ፣ የገባችው ሴት ማን እንደሆነች እስኪታወቅ በማቆያ ትቀመጥ ተባለ። ማቆያው በታችኛው በር በውጩና በውስጡ ግንብ መካከል ያለ ግቢ ነው። ጠያቂ ለመግባት የሚጠይቀውን ሰው ስም ማስመዝገብ አለበት፤ የእሷን ስም ደግሞ ማንበብ የቻለ የለም።

እኔ የተጠራሁት ሐሙስ ነው። እስከዚያ ድረስ በላይኛው ወጥቶ በታችኛው የገባ አርባ አንድ ሰው ማቆያው ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ስለተሰማ ሁሉም በወጣበት በር መግባት ጀመረና ቁጥሩ አልጨመረም። የጠራኝ የበሮች የበላይ የሚባለው ሹም ነው፤ ሲናገር ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ ሰው።

"ችግሩ የበሮቹ እንዳይመስልህ" አለኝ። "በታችኛው ወጥቶ በታችኛው የገባ ሰው ስሙ ሲመሳከር ልክክ ይላል። በላይኛው ወጥቶ በላይኛው የገባም እንዲሁ። የሚያስቸግሩን በአንዱ ወጥተው በሌላው የሚገቡት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ከመነሻውም ሐሳቡ አንድ አይደለም።"

"ጌታዬ፣ በታችኛው በር ያለፈ ሰው ሁሉ እኮ ስሙ ሰ እና ሳጥን ሆኗል።"

"ይመሳከራል ወይስ አይመሳከርም?"

"ይመሳከራል።"

"እንግዲያውስ" አለና ጣሪያውን ተወት አድርጎ አየኝ። "እስከ ሰኞ ማታ ምክንያቱን ካመጣህ አመጣህ። ካላመጣህ አርባ አንዱም የዚህ አገር ሰው መሆናቸው ስላልታወቀ ወደ ማዶ ይሸኛሉ።"

ታችኛው በር ስደርስ ከግንቡ ሥር አንድ ሰው ቆሟል። በትከሻው የሰሌዳ እስር፣ በጀርባው በነጠላ የታዘለች ሕፃን። የምታለቅሰው ደክሟት፣ በመሃል እያረፈች ነው።

"ጠጋኙ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ?" አለኝ። "ሽባባው እባላለሁ፣ አናጢ ነኝ። ሚስቴ ከዚህ ግንብ ወዲያ ናት።"

"ልጅቷ ምን እየበላች ነው?"

"ምንም። የላም ወተት በማንኪያ ስሰጣት ትተፋዋለች። አንዲት ጎረቤታችን ሁለት ቀን አጠባችልኝ፤ እሷም የራሷ ልጅ አላት፣ ምን ትሁን?" የሰሌዳውን እስር ከትከሻው አወረደው። "ይሄን ያዩታል? የሰ ሰሌዳ ነው። ታችኛው በር አልቆበት ቀን ከሌት ጥረብ ተብዬ ነው። ሚስቴን ያሰሩበትን ጣውላ እኔው እየጠረብኩ አቀርባለሁ።"

ጠጋኝ ስለሆንኩ ማቆያው መግባት ይፈቀድልኛል፣ ገባሁ። ሠናይትን ለማወቅ አልቸገረኝም፤ ሳፋዋን ግንቡ ሥር ደፍታ እላዩ ላይ ቆማ የልጇን ድምፅ ታዳምጣለች። ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ወገቧ ርሷል።

"ከግንቡ ወዲያ ስታለቅስ ወተቴ ብቻውን ይፈስሳል" አለችኝ። "ዛሬ ግን እየቀነሰ ነው። ወንድሜ፣ ስሜን ሰ ይበሉት፣ ሳጥን ይበሉት፣ የፈለጋቸውን ይበሉት። ሳይደርቅብኝ ልጄን ይስጡኝ።"

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሥራው የሰሌዳ መሆኑ ቀረ።

የታችኛው በር ተኪ አቶ ደምመላሽ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ምን ብጠይቀው መልሱ "በእኛ በኩል ችግር የለም" ነው። ሰሌዳዎቹን አየሁ፣ ደህና ናቸው። ተሸካሚዎቹን አየሁ፣ ጤነኞች ናቸው። ከዚያ ላይኛው በር ሄጄ ተኪዋን ወይዘሮ እማዋይሽን አገኘሁ። እሷ ደግሞ እጇን አጣምራ "እኛ ጋ ይሠራል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እነሱ ጋ ይሠራል። ንጉሡ ሠ ሲመጣ ትይዘዋለች፣ እሳቱን ሰ ታስገባለች፣ ሌላውን ፊደል ሁሉ ደህና ሂድ ብላ ታሳልፋለች። ያው ትእዛዝ፣ ያው ሰሌዳ፣ ያው አዋጅ። አንዱ ጋ ስም ገብቶ ስም ይወጣል፤ ሌላው ጋ ስም ገብቶ ሳጥን ይወጣል።

ዓርብ ዕለት ሁለቱን ተኪዎች አቀያየርኳቸው። ጥፋቱ የሰው ከሆነ ሰውየውን ተከትሎ ይሄዳል፣ የቤት ከሆነ ቤቱ ይቀራል ብዬ ነው። አቶ ደምመላሽ ላይኛው በር ቀኑን ሙሉ አንዲት ስህተት ሳይሠራ ውሎ "አላልኩም? ችግር የለም" እያለ ተመለሰ። ወይዘሮ እማዋይሽ ግን በታችኛው በር አንድ ሰዓት ሳይሞላት ሳጥን በሳጥን አደረገችው። ላብ በላብ ሆና ወጣች።

"ወንድሜ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም" አለችኝ። "እዚያ ስቆም ፊደል አይታየኝም፣ ጣውላ ብቻ ነው የሚታየኝ።"

ውጤቱን ለበላዩ ላክሁ። ጥፋቱ የቤቱ እንጂ የሰው አይደለም ብዬ ጽፌያለሁ። የመጣው መልስ የታችኛው በር ተሸካሚዎች ቀርፋፋ መሆናቸው ስለታመነበት ከነገ ጀምሮ እየሮጡ እንዲያልፉ የሚያዝ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኖቹ ቶሎ ቶሎ መውጣት ጀመሩ።

ቅዳሜ ላይኛው በር ሄጄ እግሬ ሲዝል ተሸካሚዎቹ ካረፉበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ዘፍ አልኩ። ሁለት ተሸካሚዎች ራስና ወገብ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ወዲያው አንዱ በክርኑ ነካ አደረገኝ።

"አባት፣ ቦታው ተይዟል። እግር እየመጣ ነው።"

"ቆሞ ቢያልፍስ?"

"እዚህ ሦስታችን ሳንሟላ አንነሣም። ድሮም እንዲሁ ነው። ብቻውን የሚሄድ እንጨት ነው፣ ፊደል አይደለም።"

ሦስተኛው መጣ፣ ተቀመጠ። ሦስቱም አብረው ተነሡ፣ አብረው ተኪው ፊት ቆሙ፣ አብረው አለፉ። እኔ ግን ከዚያ ወንበር ለመነሣት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ትእዛዝና ሰሌዳ ስመረምር የቤቱን ዕቃ ዞር ብዬ አላየሁም።

ታችኛው በር አግዳሚ የለም። ያለው አንድ በርጩማ ነው፣ የግንበኞቹ ትራፊ፣ ለአንድ ሰው ፊደል የተሠራ። ተሸካሚ ይመጣል፣ ብቻውን ይቀመጣል፣ ብቻውን ይነሣል፣ ብቻውን ተኪው ፊት ይቆማል። አቶ ደምመላሽ ራስ ሲመጣ የሠን ራስ ያስታውሳል፤ ይመስላል፣ ያስወጣዋል፣ በቦታው አንድ ሙሉ ሰ ያስገባል። የሠ ራስ ደግሞ የሁሉም ራስ ነው። ስለዚህ የከተማውን ፊደል ሁሉ ራስ ሲቆርጥ ሰንብቷል። የቀሩት ወገብና እግሮች ባለቤት አጥተው አታሚው ዘንድ ይደርሳሉ፣ ሳጥን ይሆናሉ። ሠ ራሱ የመጣ እንደሆነ ራሱም ወገቡም እግሩም የሠ ናቸውና ሦስት ጊዜ ይያዛል፣ ሦስት ሰ ይወጣዋል። የሠናይት ስም በሦስት ሰ ጀምሮ በሰ እና በሳጥን የተሞላው ለዚህ ነው።

"አቶ ደምመላሽ" አልኩት፣ "ለምን ሦስቱን አንድ ላይ አያዩም?"

"ትእዛዙ ሦስቱን አንድ ላይ እይ አይልም።"

"የላይኛው በር ትእዛዝም አይልም እኮ።"

ደነገጠ። "እነሱ ታዲያ በማን ፈቃድ ነው የሚያዩት?"

አግዳሚ ወንበር እንዲፈቀድ ማመልከቻ ጻፍኩ። ማመልከቻም እንደ ስም በበር ሰሌዳዎች ታትሞ ነው የሚላከው፤ የእኔው በታችኛው በር አልፎ ሄደና ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፤ በዚያ አገር እምቢታ ፈጣን ነው። "ማመልከቻዎ ደርሶናል። ለእሳቱ ሰ ያለዎትን ፍቅር እናደንቃለን። የሚፈልጉት ነገር ግን አልተገለጸም" ይላል። በላይኛው በር በኩል ደግሜ ላክሁ። ያኛው ተነበበ። "ጉዳዩ የታችኛውን በር የሚመለከት ስለሆነ በታችኛው በር በኩል ይቅረብ" የሚል መልስ መጣ። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀድጄ ጣልኩት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት ወረቀት ስቀድ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ ከሽባባው ጋር በእሱ ደጅ አግዳሚውን ሠራነው። ለሰ የተጠረበውን ጣውላ ነው የገጣጠምነው። ስንዱ ከጎናችን አልጋዋ ውስጥ ተኝታለች። ማልቀስ ትታለች። ሽባባው መዶሻውን በያዘ ቁጥር እያቆመ እጁን አፍንጫዋ ሥር ያደርግና ትንፋሿን ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሰኞ በማለዳ ወንበሩን ተሸክመን ታችኛው በር ደረስን።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ አቶ ደምመላሽ።

"ትእዛዙ አግዳሚ ይከለክላል?"

አሰበ፣ ወረቀቱን አውጥቶ አነበበ። "አይከለክልም። ችግር የለም።"

ተሸካሚዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ስም አለፈ፣ አታሚው አተመ። ጥርት ያለ ስም፣ አንዲት ሳጥን የሌለበት። አቶ ደምመላሽ ራሱ አንገቱን አስግጎ አየና "ያምራል" አለ። እኔ ሳላፍር አለቀስኩ። ሽባባውን ይዤ ወደ መዝገብ አመሳካሪው ሮጥኩ፤ የወጣና የገባ ስም እያስተያየ የሚፈታ እሱ ነው።

"በሩ ተጠግኗል" አልኩት። "የሠናይትን ስም እንደገና እናስመዝግብና ትፈታ።"

"የተመዘገበ አይታደስም" አለኝ። "የገባችው ሰሰሰ ምናምን ናት። ወጣች የሚል ሰሰሰ ምናምን አምጡልኝ፣ አሁኑኑ እፈታታለሁ።"

"እንዲህ ያለ ስም ከእንግዲህ በየትኛውም በር አይወጣም። ጠገንነው አልኩህ እኮ።"

"እንግዲያውስ አትፈታም ማለት ነው" አለ፣ ያለ አንዳች ክፋት።

ሽባባው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። መቆለፊያውን አበጀሁ ብዬ ቁልፉን ሰብሬው ኖሯል። አርባ አንድ ሰው ሊፈታ የሚችለው በዚያው ስህተት ብቻ ነበር፣ ስህተቱን ደግሞ በገዛ እጃችን፣ በሚያምር ወንበር፣ አጥፍተነዋል።

ከአመሳካሪው ራስ በላይ የተሰቀለውን ደንብ አፈጥጬ አየሁ። ከታች በኩል አንዲት መስመር አለች፤ የተረጋገጠ ግልባጭ እንደ ዋናው ይቆጠራል፣ ማንም ሰው ግልባጩን በፈለገው በር ማሠራት ይችላል ትላለች።

"ወንበሩን እናውጣው" አልኩት ሽባባውን። "የወጣችበት ስም በበርጩማው ሲገለበጥ እንደ ገባችበት ይበላሻል።"

አቶ ደምመላሽ ስንመለስ ተገረመ። "ጠዋት ያስገባችሁትን?"

"እሱኑ።"

"ችግር የለም" አለ፣ አንዱን ጫፍ ይዞም አገዘን።

ወይዘሮ እማዋይሽ የላይኛውን በር መዝገብ ብብቷ ሥር ይዛ መጣች። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የወጡትን የአርባ አንዱን ሰዎች ስም እያነበበች ግልባጭ ይሠራልኝ አለች። በርጩማው በቦታው ተመልሷል። ተሸካሚዎቹ አንድ በአንድ አለፉ፣ አቶ ደምመላሽ ራስ በራስ ቆረጠ፣ አታሚው ሳጥን በሳጥን አደረገው። እንደዚያ ያለ የተበላሸ ወረቀት አይቼ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አመሳካሪው በጣቱ እየተከተለ ይጠራል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል። አርባ ሰው ወጣ።

ሠናይት ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"ይሄ አይመሳከርም። ስትገባ ሦስት ሰ ነው የሚጀምረው። ግልባጩ ሁለት ሰ እና ሳጥን ይላል። አንዲት ሳጥን ትበልጣለች።"

ወዲያው ገባኝ። ስትገባ ስሟ ገና በንጉሡ ሠ ነበር፣ ሦስቱም ሰሌዳ ተያዘ። ስትወጣ ግን ላይኛው በር አስቀድሞ በሰ ተክቶታል። ሠ እና ሰ በራስም በወገብም አንድ ናቸው፣ የሚለያዩት በእግር ነው። የሰ እግር ደግሞ በተኪው አይያዝም፣ ሳጥን ሆኖ ያልፋል። አንድ የንጉሡ ሠ እግር ያስፈልገን ነበር። በአገሩ ያለው ሁሉ ተቃጥሏል። እንዳልጠርበው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ፀሐይዋ ግንቡን አልፋ ዘቅዝቃለች፣ የሚሸኙበትም ጋሪ ደጁ ላይ ቆሟል።

ይህን ስናገር ሽባባው ልጅቷን ከጀርባው ፈትቶ ለእማዋይሽ ሰጣትና ምንም ሳይል ሮጠ። ሲመለስ ትንፋሹ ተቆራርጧል። በእጁ ያለው ጥቁር፣ ጠርዙ በመነካካት የለሰለሰ ሰሌዳ ነው። ስናየው የሠ እግር ነው።

"ከየት አመጣኸው?"

"ሳገባት ስሟን ጠርቤ አልጋችን ራስጌ ሰቅዬው ነበር" አለ። "ሠን ሊሰበስቡ ሲመጡ ራሱን ሰጠኋቸው። ራሱን ሲያገኙ ሁሉንም ያገኙ መሰላቸውና ሄዱ። እግሩን ስንዱ አልጋ ላይ ቸንክሬላት ነበር።"

የእሷን ግልባጭ እንደገና አስጀመርን፤ ሦስተኛው ተሸካሚ የያዘውን የሰ እግር ተቀበልኩትና የሠን እግር ሰጠሁት። ይህ ወንጀል ነው፣ አውቃለሁ፣ ደግሜም አደርገዋለሁ። ራስ አለፈ። ወገብ አለፈ። እግሩ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ተነሣና አቶ ደምመላሽ ፊት ቆመ። አቶ ደምመላሽ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አገላበጠው፣ አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳለፈበት።

"ይሄ የንጉሡ ነው" አለ ቀስ ብሎ። ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ሽባባውን አየ፣ እማዋይሽ ክንድ ላይ ያለችውን ዝም ያለች ልጅ አየ። "ላይኛው በር ካለፈ ስም ውስጥ የንጉሡ እግር ሊኖር አይችልም ነበር።"

ሰሌዳውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ትእዛዙን አውጥቶ አነበበ።

"ትእዛዙ ግን ሲመጣ ተካ ነው የሚለው፣ ከየት መጣህ በለው አይልም" አለና ሰን አስገባ። የሠን እግር ወደ እሳቱ ሳጥን አልወረወረውም፤ በበርጩማው ሥር ወደ እኛ ገፋ አደረገው።

አመሳካሪው ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። "ልክክ ይላል" አለና በሩ ተከፈተ።

ሠናይት ሳፋዋን ይዛ ወጣች። እማዋይሽ ስንዱን ስትሰጣት ልጅቷ ፊቷን አዞረች፣ ስምንት ቀን ለእሷ ዕድሜ ነው። ሠናይት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጡቷን አወጣች። ብዙ ጊዜ ምንም አልመጣም። ልጅቷ እየሳበች ትተዋለች፣ እየተወች ትስባለች። ሽባባው ወደ ግንቡ ዞሮ ቆመ፣ ማየት አልቻለም። በመጨረሻ የመዋጥ ድምፅ ተሰማ። ያን ድምፅ የሰማ ተሸካሚ ሁሉ ሰሌዳውን መሬት አስቀመጠ።

የቀረውን ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። የበሮች የበላይ ሪፖርቱን አነበበ። አግዳሚው ሲገባ ማንም እንዳልተፈታ፣ አግዳሚው ሲወጣ ግን አርባ አንዱም በአንድ ከሰዓት እንደተፈቱ ተረዳ። ጥፋቱ የአግዳሚ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። የላይኛው በር አግዳሚም ወጥቶ በርጩማ ተተካበት። አሁን ሁለቱ በሮች አንድ ዓይነት ይሠራሉ። በየትኛውም ውጡ በየትኛውም ግቡ፣ ስማችሁ ሰ እና ሳጥን ነው፣ ይመሳከራልም፣ ማቆያው ባዶ ነው። ለእኔም የምስጋና ወረቀት ተጻፈልኝ። ለማን እንደተጻፈ ግን ከወረቀቱ ላይ ማንበብ አይቻልም።

ያን አግዳሚ ሽባባው ቤቱ ወሰደው። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። የንጉሡ ሠ እግር ተመልሶ ስንዱ አልጋ ላይ ተቸንክሯል። ስንዱ መቀመጥ ጀምራለች፣ ትንሽ ታዘነብላለች እንጂ። እናትየው ከአግዳሚው አንድ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ልጅቷን መሃል አደረገቻት። ሽባባው እጁን ሊታጠብ ጓሮ ነበር። እኔ እንግዳው ቆሜ ስለነበር ሠናይት ሌላውን ጫፍ አሳየችኝና "ይቀመጡ እንጂ" አለችኝ።

"ቦታው ተይዟል" አልኳት። ሽባባው መጥቶ እስኪቀመጥ ቆሜ ጠበቅሁ።